መብራቷ የተሰካችበት ገመድ

እዚያ ቤት ገመድ ሳይረግጡ ከበር እስከ ጓዳ መድረስ አይቻልም ነበር። ማጋነን አይደለም። ገና ከመግባታችሁ የቴሌቪዥኑ ገመድ ቁርጭምጭሚታችሁን ይይዛል፤ እሱን ስታልፉ የካውያው ይጠብቃችኋል፤ ከሱ ስታመልጡ ደግሞ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማንም የማያውቀው ወፍራም ጥቁር ገመድ ምንጣፉ ስር እንደ እባብ አብጦ ተኝቷል። እንግዳ ሲመጣ «ደህና ዋሉ» ከመባሉ በፊት «እግርዎን ያንሱ» ነው የሚባለው።

ይሄን ሁሉ የዘረጋችው እናትየው ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቱ ውስጥ ደህና የሚሠራው የግድግዳ ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የስፌት ክፍሏ ውስጥ ያለው፤ የቀሩት ወይ ሞተዋል ወይ ሲሰኩባቸው እሳት ይተፋሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ባለሙያ ይጠራል። እሷ ግን ገመድን የምታየው እንደ ክር ነበር። አጠረ? ይቀጠላል። ረዘመ? ይቋጠራል። ቀጥላ ስትጨርስ ደግሞ መጋጠሚያውን እንደ ሰው በናስትሮ አትጠቀልልም፤ መሬት ከወደቀው ቁራጭ ጨርቅ አንስታ ታለብሰውና በመርፌ ትሰፋዋለች፣ ያውም በሚያምር ስፌት። የካውያው ገመድ አንገት ላይ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ገበር አለ። የቴሌቪዥኑ ላይ የሆነ ሰውዬ የሱሪ ኪስ። «ገመዱ እንኳ ከኛ በላይ ይለብሳል» እያለ ባሏ ይስቅባት ነበር።

ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ገመዶቹን ግን ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

በተለይ አንዱን። ስፌት መኪናዋ ላይ አንገቷ የሚታጠፍ ትንሽ መብራት አለች። እናትየው ሕመሙ ሲጠናባት አብርታት እንደወጣች ያው እንደበራች ናት። አምፖሏ ሲቃጠል አባትየው ወዲያው ይቀይራል እንጂ «ላጥፋት» ያለ ሰው የለም። የክፍሉን መስኮት የጎረቤት ግንብ ስለዘጋው ውጭ ፀሐይ ጠራራ ሆኖ እንኳ እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው፤ መብራቷ ብቻ መርፌው ላይ ቢጫ ክብ ሠርታ ቁጭ ብላለች። መርፌው ስር ደግሞ ግማሹ የተሰፋ እጅጌ አለ። የማን እጅጌ እንደሆነ ባለቤቱም መጥቶ አልጠየቀም።

እና መብራቷ አንዳንዴ፣ ድንገት፣ ደብዘዝ ትልና ትመለሳለች። ሰው ዓይኑን ከደን አድርጎ እንደሚገልጠው።

ይሄን መጀመሪያ ያየችው ልጅቷ ናት። ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት ሬዲዮ ብሎ ነው፣ ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ያናገራት ሰው አይጠይቅም። ከእንቅልፏ ስትነሳ ትከፈታለች፣ ስትተኛ ትዘጋለች፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ እንኳ የላትም። ከሀዘኑ በኋላ አንድ ቀን የሸሚዟን ቁልፍ ልትተክል ክር ፍለጋ ስፌት ክፍል ገባች። ክሩን አነሳች፣ ልትወጣ ስትል እንደ ድሮዋ፣ ሳታስበው፣ «እማዬ፣ ነጩን ወስጃለሁ» አለች።

መብራቷ ደብዘዝ ብላ ተመለሰች። እሺ እንደማለት።

ሬዲዮ ክሩን ጥላ እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣች አታውቀውም። እየሮጠች አክስቷ ጋ ሄደች። አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናት፣ ለሀዘን መጥታ እዚያው የቀረች፤ እትዬ ነው የሚሏት። እትዬ «ዝም በይ አንቺ ቀባጣሪ» እንድትላት ነበር የፈለገችው። እትዬ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነችና «አንቺንም አነጋገረችሽ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም በዚያ ክፍል መጋረጃ በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ለአባትየው አልነገሩትም። አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ሻዩን በብርጭቆ ይዞ እዚያ ክፍል ይገባል፣ መጋረጃውን ይስባል፣ ሻዩ ሲያልቅ ይወጣል። ሚስቱን ያጣ ሰው ነው፣ ትንሽ ይረፍበት ብለው ተዉት።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ሬዲዮ ትምህርት በጨረሰች በዚያው ሰሞን ነው። ባቡር ነጂነት ልትማር ሌላ ከተማ ያለ ማሠልጠኛ ተቀበላት። ባቡር። እትዬ ስትሰማ «አንቺን ባቡር ላይ ካወጡሽ ተሳፋሪው ጆሮውን ይዞ በመስኮት ይዘላል» አለች፣ ግን ደስ ብሏት ነው። አባትየው ደስም አላለው፣ አልተቆጣም። «እስኪ ላስብበት» አለ። በማግስቱ ስትጠይቀው «እስኪ» አለ። በሌላው ቀን «እስኪ»ም ቀረች፣ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ። ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ነው፤ ያለ አባቷ ፈቃድ ከዚያ ቤት ንቅንቅ እንደማትል ሬዲዮም ታውቃለች። ቁርጥ ያለ ነገር እንዲነግራት ነው የምትጠብቀው። እሺ ወይም እምቢ። እሱ ግን ሻዩን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል፣ ዓይኗን አያያትም።

በዚህ መሀል ቤቱ መሽተት ጀመረ። ካውያ ጨርቅ ላይ ተረስቶ ሲቀር የሚሸተው ሽታ አለ አይደል? እሱ። ካውያው ተነቅሎ እንኳ ይሸታል። እትዬ አንድ ቀን ጠዋት ምንጣፉን በባዶ እግሯ ረግጣ «ይሄ ምንጣፍ ትኩሳት አለው እንዴ» ብላ ዘለለች። ያኔ ነው ጋሽ ኮረንቲ የተጠሩት። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው «ኮረንቲ» ሲላቸው ኖረው እውነተኛ ስማቸውን ሚስታቸው ብቻ ነው የምታውቀው። መጡ፣ ተንበረከኩ፣ ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ጥቁሩን ገመድ በዓይናቸው እስከ መጋረጃው ተከተሉት።

«ይሄ ቤት መስመር የተዘረጋለት አይደለም» አሉ በመጨረሻ፤ «ሹሩባ የተሠራ ነው።»

«የባለቤቴ እጅ ነው» አለ አባትየው፣ በር ላይ ቆሞ።

«ነፍሷን ይማርና እጇ ለልብስ ነበር። ጨርቅ አልብሳ ሰፍታዋለች እኮ። ገመድ ይበርደዋል ያላት ማነው?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ኮረንቲ የጓዳውን የሞተ ሶኬት ፈተው በአዲስ ቀየሩት። «ይሄ አሁን ይሠራል። ይሄ ሁሉ ጉድ ግን ተፈቶ፣ ተለይቶ፣ የቱ የምን እንደሆነ ታውቆ ይጠብቀኝ። እኔ እጄን እባብ ጉድጓድ ውስጥ አልከትም።»

«አይነካም» አለ አባትየው።

«ካልተነካ ይነዳል።»

«እኔ እያለሁ አይነድም።»

«አንተ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነህ፣ ልጄ። ነው ወይስ እሳቱ ፈረቃህ እስኪያልቅ ይጠብቅሃል?»

አባትየው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እትዬ የመንገዱን መታጠፊያ ማለፉን በመስኮት አየችና ወደ ሬዲዮ ዞረች። «በይ» አለቻት፣ «ሳይመጣ።»

«ለምን እኔ?»

«እኔ ወገቤ።»

«ባለፈው ቁም ሳጥኑን ብቻሽን አዙረሽው የለ እንዴ?»

«ያኔ ወገቤ ሌላ ነበር» አለችና ገበያ ልትሄድ ነጠላዋን አነሳች። ወገቧ ሳይሆን መብራቷ እንደሆነች ሁለቱም ያውቁታል።

ሬዲዮ ከበሩ ነው የጀመረችው። እያንዳንዱን ገመድ በጣቷ እየተከተለች፣ ቋጠሮውን በጥርሷም በጥፍሯም እየፈታች፣ የየቱ እንደሆነ ስታውቅ ጫፉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። ለቴሌቪዥኑ ሰማያዊ። ለካውያው ቀይ። ቻርጀሮቹን ለብቻ ጠቅልላ የጫማ ሳጥን ውስጥ ከተተች፤ ግማሾቹ ድሮ የጠፉ ስልኮች ቻርጀር ናቸው፣ አንዱ ደግሞ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እየሠራች ታወራለች፣ ለራሷ ነው፣ ለገመዶቹ ነው፣ ዝም ብላ ነው። «አንተ ደግሞ የት ነው የምትሄደው? ና ወደዚህ። እዚህ ጋ ምን አደረክ፣ አገባህ እንዴ?» እያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ የእናቷ እጅ አለ። ክሩን ሁለቴ ዞር አድርጋ በጥርሷ የምትበጥሰው አበጣጠስ አለ፤ ጫፉ ላይ የጥርሷ ቅርጽ የቀረ ሁሉ ይመስላል። ሬዲዮ አንዱን ስፌት ስትተረትር «ይቅርታ እማዬ» አለች፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልመጥ አድርጋ አየችው።

ሁሉም ገመድ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከመጋረጃው ስር ይገባል። ቆይቶ ቆይቶ ውጭ የሚፈታ ነገር አለቀ።

ገባች። ምን ታድርግ። ቁራጭ ጨርቆቹን እጇ እንዲፈታላት አፏ ውስጥ ሞላቻቸውና በእንብርክክ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ኋላ ሄደች። ከጠረጴዛው በላይ ያላለቁ ቀሚሶች በመስቀያ ተንጠልጥለዋል፤ ጫፋቸው ፊቷን ሲነካት የሰው እጅ እየመሰላት ሁለት ሦስቴ ደነገጠች። ወፍራሙን ጥቁር ገመድ እዚያ ነው ያገኘችው። ከግድግዳው ይነሳል፣ ጠረጴዛው እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ጨርቅ የለበሰ መጋጠሚያ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ አሮጌ ባለብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር። ዲቫይደሩ ላይ ሁለት ነገር ተሰክቷል። አንዱ የመብራቷ ቀጭን ሶኬት። ሌላው በምንጣፉ ስር አድርጎ፣ ሳሎኑን ሙሉ አቋርጦ፣ ጓዳ ይገባል።

መጋጠሚያው ላይ የተሰፋው ጨርቅ ቡኒ ሆኗል። ነካችው፣ እንደ ቅርፊት ደርቋል፣ ይፋጃል። ሽታው ይሄ ነበር።

ያኔ ጓዳ ውስጥ ፍሪጁ ጉርርር ብሎ ተነሳ። በዚያችው ቅጽበት መብራቷ ደብዘዝ ብላ ተመለሰች።

ሬዲዮ ወደ ጓዳ የሚሄደውን ሶኬት ከዲቫይደሩ ነቀለችው። ፍሪጁ አንቀጥቅጦት ጸጥ አለ። ትንሽ ቆየችና መልሳ ሰካችው። ፍሪጁ እያቃሰተ ተነሳ፤ መብራቷ ደበዘዘች፣ ተመለሰች። ደግማ ነቀለች። ደግማ ሰካች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

ዓመት ሙሉ ሲያነጋግሯት የኖሩት ፍሪጁን ነው።

መሳቅ ነበረባት እኮ። አፏ በጨርቅ ስለተሞላ አልሳቀችም ይባል። ግን እንባዋ መጣ። የቀብሩ ቀን እንዲህ አላለቀሰችም፤ የቀብሩ ቀን ቢያንስ ሰው ነበር።

ቢሆንም ሥራዋን ጨረሰች። ጥቁሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። ፍሪጁን ጋሽ ኮረንቲ በቀየሩት የጓዳ ሶኬት ላይ ሰካች። ተመልሳ ከጠረጴዛው ኋላ ገባችና መብራቷን ብቻዋን ግድግዳው ላይ ሰካቻት። መብራቷ በራች። ፍሪጁ ጓዳ ውስጥ ተነሳ፤ መብራቷ ፍንክች አላለችም። ቀጥ ብላ ትበራለች። ዓይኑን የማይከድን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

የውጭው በር ተከፈተ። የአባቷ እግር ነው። ያለ ሰዓቱ። ሬዲዮ ልትነሳ ስትል ጓዳ ገብቶ ሻይ ሲቀዳ ሰማችው፤ ከዚያ መጋረጃው ተሳበ። ከተንጠለጠሉት ቀሚሶች ኋላ ሆና የምታየው ጫማውን ብቻ ነው። አፏ ሙሉ ጨርቅ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር አቃታት።

«ደህና ዋልሽ» አለ አባቷ።

ለሷ አልነበረም።

ወንበሩ ተንቋቋ። «አውቶቡሷ ማርሽ አልገባ ብላኝ ጋራዥ ጥያት መጣሁ። ኮረንቲ ያለውን ሰምተሻል። ገመዶችሽ ይፈቱ እያለ ነው። እኔ አይነካም ብያለሁ።» ሻዩን ፉት አለ። «በሩ ጋ ጠርገው አስተካክለዋል አየሁ። እህቴ ናት። እዚህ ግን አልደረሱም።»

ሬዲዮ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጣበቀች።

«እንግዲህ እንደተለመደው። ሻዩ ሳያልቅ ትመልሺልኛለሽ።» ቀስ ብሎ ጀመረ። «ስፌት መኪናሽን ልሽጣት ስልሽ ዝም አልሽኝ፣ አልሸጥኳትም። መስመር ልቀይር ስልሽ እሺ አልሽኝ፣ ቀየርኩ፤ ደግ አደረግሽ፣ ይሄኛው ይሻላል። እህቴ አግባ ስትለኝም ጠይቄሻለሁ። ዝም አልሽ። ተውኩት። አሁን ደግሞ የልጅቷ ነገር ነው።»

ሬዲዮ ጆሮዋን ወደ ቀሚሶቹ አስጠጋች።

«እኔን ካልሽኝ ባትሄድ ነው ደስታዬ። አልዋሽሽም። ያቺ ልጅ አፏን ካልከፈተች ይሄ ቤት ምን ቤት ነው? ጠዋት ጫማዬን ሳስር ስትለፈልፍ አላዳምጣትም እኮ፣ ግን ካልሰማኋት ማሰሪያው አይቋጠርልኝም። ታዲያ እኔ ስለፈለግኩ አይደለም። አንቺ በይ። ትሂድ?»

ፉት አለ።

መብራቷ ቀጥ ብላ ትበራለች። ሬዲዮ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ሰውዬው ሲያወላውል የከረመው ለዚህ ነው፤ ሲጠይቅ ፍሪጁ አንድ ቀን ይነሳለታል፣ አንድ ቀን አይነሳለትም፣ ስለዚህ ደግሞ ይጠይቃል። ዛሬ ግን ፍሪጁ ቢነሳም መብራቷ አትሰማውም። እሷው ራሷ በገዛ እጇ ለይታቸዋለች። ሻዩ ያልቃል፣ እናቷ ዝም ትላለች፣ እሷም ትቀራለች።

ፉት። የብርጭቆው ቂጥ ጠረጴዛውን ሲነካ ሰማች። ብዙ አልቀረውም።

የመብራቷ ሶኬት ጉልበቷ አጠገብ ነው። እጇን ሰደደች። በሁለት ጣቷ ያዘችውና ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወዘወዘችው።

መብራቷ ደብዘዝ ብላ ተመለሰች።

አባቷ ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረ የሚመስል ትንፋሽ አወጣ። «እሺ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ካልሽ እሺ። አንቺማ ድሮም ሂጂ ነው የምትያት።»

ሬዲዮ ዓይኗን ጨፈነች። አልቋል። ይነሳል፣ ይወጣል፣ እሷም ትነሳለች። እሱ ግን አልተነሳም።

«አንድ ልጨምር» አለ። «ትንሽ ሻይ አለኝ።» ሲናገር ልጅ ይመስል ነበር። «እሷ ስትሄድ፣ ከኔ ጋር ትቆያለሽ?»

ሶኬቱ አሁንም እጇ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ወዝወዝ ማድረግ ነው። ያን ያህል ምንም አይደለም። ጣቷ ግን እምቢ አላት። የመጀመሪያውን መልስ ታውቀው ነበር፤ እናቷ በሕይወት ብትኖር ሻንጣዋን ራሷ ሰፍታ በሸኘቻት። ይሄን ግን ከየት አምጥታ ትመልሰው? ደግሞስ አሁን እቆያለሁ ብትለው፣ ነገ ሻዩን ይዞ ሲገባ ከቀሚሶቹ ኋላ ማን ይቀመጥለታል?

ፉት አለ። ጠበቀ። መብራቷ ቢጫ ክቧን መርፌው ላይ ጥላ ፈጥጣ ታየዋለች። ጓዳ ውስጥ ፍሪጁ ተነሳ፣ አጉረመረመ፣ ተኛ። ሻዩ አለቀ። ሬዲዮ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን የሚያሰማውን ድምፅ ሰማች፤ ባዶውንም ደግሞ ፉት ሲል ሰማችው።

«እሺ» አለ አባቷ። አሁን ድምፁ አልተሰበረም። ምንም አልነበረበትም። ተነሳ፣ መጋረጃውን ከፈተ፣ ወደ ሳሎኑ ወጥቶ «ሬዲዮ» ብሎ ተጣራ።

ደግሞ ተጣራ።

«ሬዲዮ። ነይ፣ የምነግርሽ አለ።»

ስትጠራ አቤት ሳትል ቀርታ አታውቅም። እዚያ ቤት ያደገ ሰው አይችልም። ጨርቆቹን ከአፏ ተፋችና፣ ያለችበትን ረስታ፣ «አቤት» አለች።

ድምፁ ከስፌት መኪናው በኩል ነበር የመጣው። ከዚያ ቦታ «አቤት» የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ድምፃቸው ደግሞ አንድ ነው ይባላል። ሳሎን ውስጥ ብርጭቆው ወደቀ።

አባትየው ተመልሶ ገባ፤ ሲገባ ግድግዳውን ይዞ ነው። ቀሚሶቹን በሁለት እጁ ገለጠ። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ በአቧራና በእንባ ቡራቡሬ ሆኗል፣ እጇ ሶኬቱ ላይ ነው። እጇን አየ። መብራቷን አየ። ደግሞ እጇን።

«የመጀመሪያውን?» አለ።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ሁለተኛው ማንም አይደለም።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «እጅሽ ላይ እያለ» አለ። «ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እሱን አላውቀውማ።»

«ከዚያ በፊትስ?» አለ፣ ሬዲዮም ነገረችው። ፍሪጁን፣ ዲቫይደሩን፣ በምንጣፉ ስር የሚሄደውን። ስትነግረው ይጮህባታል፣ ያለቅሳል ብላ ነበር የፈራችው። እሱ ግን እጁን አወዛወዘ።

«ሞተር ሲነሳ መብራት እንደሚያደበዝዝ ለሹፌር ነው የምትነግሪው? አውቄዋለሁ። መቼ እንደሚነሳ ግን ፍሪጁን ማን ይነግረዋል?» መልስ አልጠበቀም። ጥቁሩን ገመድ በእግሩ ወደሷ ገፋ አደረገው። «መልሺው።»

«አባዬ ይሄ ነዷል እኮ። እየው ጨርቁን።»

«መሄዱን ትሄጃለሽ፣ ብያለሁ ብያለሁ። ይሄን ግን እንደነበረ መልሺው።»

«ሲነድብህስ?»

«ይንደድ» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። «እኔ አለሁ አይደል።»

ሬዲዮን ያስፈራት ይሄ ነው። የጨለማው ክፍል አይደለም፣ ቀሚሶቹ አይደሉም። ብትመልሰው ይነዳል፤ ባትመልሰው እሷ በወጣች ማግስት ራሱ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ሻዩን ይዞ ከፊቱ ይቀመጣል፣ ሽታውም አያስነሳውም። ባቡሩ ላይ ሆና ስልኳ በጮኸ ቁጥር የምታስበው ይሄን ነው።

ጠረጴዛው ላይ የእናቷ ትልቁ የጨርቅ መቀስ ተቀምጧል። ያ መቀስ ከጨርቅ በቀር ምንም አይቆርጥም። እትዬ አንድ ጊዜ የስኳር ከረጢት ልትቆርጥበት አንስታ ከእናትየው የሰማችውን ስድብ እስከ ዛሬ ትደግመዋለች፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ለወረቀት የተነሳበት ቀን ደግሞ እራት አልተበላም።

ሬዲዮ መቀሱን አነሳችው።

«ተይ» አለ አባቷ። ስለ ገመዱ አልነበረም። «በሱ? ተይ አንቺ ልጅ።»

ገመዱን መጋጠሚያው ላይ አስገባችና በሁለት እጇ ጨመቀችው። አልቆረጥ አለ። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደግማ ጨመቀችው። መዳቡ ጥርስ ስር እንደገባ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰሙት፣ ከዚያ ቀጭ አለ፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ወደቀ። መቀሱ ስለት ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ጥርስ ወጣች።

ሁለቱም ትከሻቸውን ሰበሰቡ። አንገታቸውን ቀበሩ። ሳያስቡት ነው። ስድቡን እየጠበቁ ነው።

መብራቷ ትበራለች። ከመንገድ የሆነ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። ጠበቁ። ከሳሎን፣ ከጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከየትም አልመጣም።

አባትየው መጀመሪያ አንገቱን አወጣ። መቀሱን ከእጇ ወሰደ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ከመሬት አንድ ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ ሊቆርጥበት ሞከረ። መቀሱ ጨርቁን አኝኮ ተወው።

«ብትኖር ኖሮ» አለ። አዲስ ነገር እንደቀመሰ ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ አቆመው። ዓመት ሙሉ «ስትሰማ ትቆጣለች»፣ «ይሄን አትወድም» ነበር የሚለው። «ብትኖር ኖሮ ሁለታችንንም ዛሬ በረንዳ ላይ ነበር የምታሳድረን።»

«አንተን ብቻ» አለች ሬዲዮ። «እኔን በመስኮት ታስገባኛለች።»

የሳቀ መሰላት። ሳቅ አልነበረም፣ ግን ከዚያ የራቀም አልነበረም። እጁን ሰጥቶ አስነሳት፣ ልብሷ ላይ ያለውን ክር ለቀመላት፣ ምዝገባው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቃት። ነገ ነው አለችው። የጠዋቱን የሀገር አቋራጭ ሹፌር አውቀዋለሁ አለ፣ ፊት ወንበር ይይዝልሻል አለ፣ ሲነዳ ግን አታዋሪው፣ ገደል ይከተዋል አለ።

ሬዲዮ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። እሱ እያወራ ዓይኑ መብራቷ ላይ ነበር። እሷም ዞር ብላ አየቻት። እንዲህ ሁለቱም ቆመው፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት፣ ገና ዓይኗን ትከድን እንደሆነ ያዩዋት ነበር።